የመከታ እንቅልፍ

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ በማግስቱ ዓመት ከበቆጂ ወደ አሰላ ስንወርድ የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማውን እስኪቀይር እኔና ነጋሳ ከመንገዱ ዳር ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ነጋሳ ቀድሞ ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ በየገበሬ ማኅበሩ እየዞረ ከብት ያክማል። እኔ እዚያው አሰላ አስተማሪ ነኝ።

ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቡናማ ውሻ በገመድ አስረው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ገደል ሲያመሩ አየን። ውሻው ግብዣ የተጠራ ይመስል ጅራቱን እየቆላ ይከተላቸዋል።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ፤ ውሻውን ወዴት ይወስዱታል?» አለ ነጋሳ ከመቀመጫው ተነሥቶ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ልገላገለው ነው» አሉ። ስማቸው አቶ ኃይለመስቀል መሆኑን ኋላ ነገሩን።

«ሰው ነክሶ ነው?»

«መከታ? እሱስ ዶሮ እንኳ ነክሶ አያውቅም። ነገር ግን ተይዟል። ሲተኛ እግሩ ይወራጫል፣ ያቃስታል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። አበራሽ የምትባል ልጅ አለችኝ፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ስትወድቅ እኛ ስንሸሽ እሱ ሮጦ አረፋዋን ይልሳል። ጎረቤቱ ሁሉ ‹በሽታው ወደ ውሻው ተሻገረ፤ ከውሻው ደግሞ ወደ ሌሎቹ ልጆችህ ይሻገራል› አለኝ። አገር ያለው ከሚቀር የወለድኩት ይቅር ይባል የለ? እኔማ የማጣው ውሻ ነው።»

ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አባቶቻችን ብዙ መልካም ነገር አውርሰውናል፤ ልጅን ለወሬ የሚገብር አባባል ግን ከእነሱም ቢመጣ አልቀበልም።

«ልጅቷስ የት ናት?» አልኳቸው።

«ጓዳ ናት። የምትበላበትም ለብቻው ነው። ትምህርት ቤትም አልሰደድኳትም፤ ሰው ፊት ብትወድቅብኝስ?»

ነጋሳ ዝቅ ብሎ ውሻውን አየው። «አፍንጫውን ምን አቃጠለው?»

«ክብሪት ነው። ለልጅቷ እንደምናደርገው ጭሬ አሸተትኩት።»

«አባቴ፣ ገደሉ የትም አይሄድም። እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አላቸው ነጋሳ በትሕትና። ሽማግሌውም ቸኩለው አልነበረምና ተቀመጡ። መከታ ፀሐዩ ላይ ተጋድሞ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ጥቂት ቆይቶ እግሮቹ ይወራጩ፣ ጉሮሮው እምም እምም ይል ጀመር። አቶ ኃይለመስቀል ክብሪታቸውን ለማውጣት እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ።

«ይቆዩ! አይንኩት፤ የተኛ ውሻ ደንግጦ ሊነክስ ይችላል። ከዚሁ ሆነው በስሙ ይጥሩት» አለ ነጋሳ።

«መከታ!» አሉ። «መከታ!»

ውሻው ዓይኑን ገለጠ። ጅራቱን ቆላ፤ መጥቶም ራሱን ከጌታው ጉልበት ላይ ጣለ።

«ሕልም እያየ ነበር» አለ ነጋሳ።

«ውሻ ያልማል እንዴ?»

«ያልማል እንጂ። ማን ያውቃል፣ ቀን ያባረረውን ቀበሮ ያባርር ይሆናል። እርስዎስ አርሰው የዋሉ ዕለት በሕልምዎ በሬ አይነዱም?»

«እነዳለሁ። ባለቤቴም ረገጥከኝ ትለኛለች።» ፈገግ አሉና ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «ዛሬስ ነቃ። ሕልሙን ከበሽታው በምን እለየዋለሁ?»

ጥያቄው የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነበር፤ ነጋሳም እንደዚያው መለሰላቸው። «የሚያልም ውሻ ሰውነቱ ልል ነው፤ እግሩ ቆየት እያለ ይወራጫል፤ ሲጠሩት ይነቃል፤ እንደ ነቃም ጌታውን ያውቃል። በሽታው ሲሆን ግን ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ መላ አካላቱ በኃይል ይንፈራገጣል፤ መንጋጋው ይገጥማል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ሽንቱም ሊያመልጠው ይችላል። ቢጠሩት አይሰማም። ከለቀቀው በኋላም ደንዝዞ የራሱን ቤት እንደማያውቅ ይንከራተታል። ያን ጊዜ ከእሳትና ከገደል ያርቁት፤ በአፉ ምንም አይክተቱ፤ ሲለቀው ወደ ሐኪም ያምጡት።»

አቶ ኃይለመስቀል ውሻውን አዩት። ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄ፣ ይህ የነገርከኝ የመከታ አይደለም። የአበራሽ ነው፤ አንድም አልቀረህ» አሉ። «ምድጃ ላይ ወድቃ እጇ ሲቃጠል ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔ አባቷ ቆሜ አያለሁ። ቀሚሷን ነክሶ ከእሳቱ የጎተታት እሱ ነው። እሱን ነው ወደ ገደል የምወስደው።»

አለቀሱ።

«አረፋው አይጋባም ትላላችሁ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አይጋባም አባቴ። በወደቀች ቁጥር የላሰው መከታ ጤነኛ ሆኖ ከእግርዎ ሥር ተኝቷል፤ ከእሱ የበለጠ ምን ምስክር ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

ነጋሳ ቀጠለ። «እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ ስለ አበራሽ የሚያውቀው የሰው ሐኪም ነው። ግን በሽታውን የሚይዝ ኪኒን እንዳለ አውቃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አሰላ ያምጧት።»

«ጸበሉስ?»

«ጸበሉን ማን ከለከለዎት? ጸበሉም ይቀጥል፤ ኪኒኑም አይቋረጥ።»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ሽማግሌው ገመዱን ከመከታ አንገት ፈትተው ወደ ገደሉ ወረወሩት፤ ከዚያም ወደ ቤታቸው መንገድ ዞሩ። ውሻው ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።

ገብስ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ አቶ ኃይለመስቀልን አሰላ ሐኪም ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። አበራሽም አብራቸው ነበረች። ኪኒኑ በሽታውን ጨርሶ ባያጠፋውም አራርቆታል። መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ለይታለች፤ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ትበላለች። ጎረቤቶቻቸውም ውሻ በእንቅልፉ ሲወራጭ ክብሪት መጫር ትተው በስሙ መጥራት ለምደዋል። ያወቀ ሰው ከፍርሃቱ ብቻ ሳይሆን ከጭካኔውም ይድናል፤ ጨካኝ ከምንለው ሰው ብዙው የፈራ ነውና።

«ባለፈው ወድቃ ነበር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«በጎኗ አስተኛኋት። ጋቢዬን ከራሷ ሥር አድርጌ እስኪለቃት አጠገቧ ተቀመጥኩ።» ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። «መከታ ሮጦ ሲደርስ እኔ ቀድሜው ነበር።»