«ደኅና ነው» የሚሉት ወሬ

ያኔ ጋዜጣ የሚባል ነገር አናውቅም። የአንኮበር ሰው ወሬ ሲፈልግ አሊዩ አምባ ገበያ ይወርድና ከባሕር የመጣ ነጋዴ ይጠይቃል። ታዲያ በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ እንደ «ደኅና» የምፈራው ቃል አልነበረም። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ይነገራል እንጂ ገበያ መሃል አይነገርማ! መንገድ ላይ ከጠየቃችሁ የሞተውም ያልሞተውም «ደኅና ነው» ነው የሚባለው።

ወንድሜ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ባሕሩ ዳር ታጁራ ወደብ ከወረደ ዓመት አልፎት ነበር። አንድ የገበያ ቀን፣ ይዘውት የሄዱትን ነጋዴ ሐጂ ሙሄን ብቻቸውን ሳያቸው ሰዉን እየገፋሁ ሄድኩባቸው።

«ሐጂ፣ ወንድሜስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነው።»

«ደኅና አይበሉኝ! እውነቱን ይንገሩኝና እርሜን ላውጣ!» ብዬ እዚያው ገበያው መሃል ነጠላዬን ለሐዘን አዘቀዘቅሁት። ሴቶቹም ከበቡኝ።

ሐጂ በንዴት ጮኹ። «ምን ሟርት ነው! ያ ለፍላፊ ነው የሚሞተው? በረሃውን ሙሉ በዘፈኑ ጆሮዬን አደነቆረው፣ ለመንገድ የያዝኩትን ተምር ጨረሰው፤ አሁንም ግመሎቹን አጠጣ ብዬ ብልከው እዚህ ታች ወንዙ ዳር ተጋድሞ ቀርቷል፣ ሰነፍ!»

በአገራችን ሙት እንዲህ አይሰደብም። እንባዬን ሳልጠርግ ሳቄ መጣ።

«ሐጂ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ትንሽ ደግሞ ይስደቡልኝ!» አልኳቸውና፣ ነጠላዬን እንደተዘቀዘቀ ወደ ወንዙ ቁልቁል ሮጥኩ።