የተቀመጠ ሰው ዓይን

ከከተማ ወደ ኢስትሊ ሰፈር በሚሄደው ማታቱ፣ ማለትም ሚኒባስ፣ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንትና አንዲት ወጣት በአማርኛ ያወራሉ። እሷ ጭኗ ላይ የታተመ የክፍል ምስል ይዛለች።

«ፎቶ ነው ልጄ?»

«አይ አባባ፣ ገና ያልተሠራ ቤት ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የሰው ዓይን ትወጋ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ያሳየናል።»

«ምን አለሽ ታዲያ?»

«አትወጋም አለ። ነገ ለባለቤቱ አስረክባለሁ።»

«ምን ሊሠራበት ነው?»

«ልብስ ስፌት።»

«እኔም ሰፊ ነኝ። ይኼን የሚያየው ሰው ቆሞ ነው?»

«አዎ፣ ካሜራውን በቆመ ሰው ዓይን ልክ ነው ያደረግኩት።»

«ቆሞ የሚሰፋ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ምስሉን አንስታ ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

«የእኔም ሱቅ እንደዚህ ቤት ከመስኮቱ በላይ የጣሪያ ክፈፍ አለው። ስቆም ፀሐይዋን ይጋርድልኛል። የስፌት መኪናዬ ጋ ስቀመጥ ግን ከክፈፉ ሥር ዓይኔ ውስጥ ትገባለች።»

«ካሜራውን ዝቅ ባደርገው ምን ይል ይሆን?»

«ቤቱ ገና ወረቀት ላይ አይደል? ዝቅ አድርጊና እይዋ።»

ለመውረድ ጣሪያውን አንኳኳች።

«ኢስትሊ ገና ነው እኮ።»

«ቢሮ ልመለስ ነው አባባ። እግዜር ይስጥልኝ።»

እሷ ከወረደች በኋላ ወንበሬ ላይ ትንሽ ዝቅ ብዬ መስኮቱን አየሁት።