ሊቁ ልጅ ያደሳት ላፕቶፕ

ኤሰንጉል አንድ እግሩን ቡት ጫማው ውስጥ ከትቶ ከሁለተኛው ጋር ሲታገል ምራቱ ቡሩል ሻይ ቀዳችለት። እንደ ወትሮው ፒያላ የሚሉትን እጀታ የለሽ የሻይ ሲኒ ግማሹን እንኳ አልሞላችም። በእነሱ አገር ለሚከበር ሰው ጥቂት ይቀዳል፤ ጠጥቶ ደግሞ እንዲጠይቅ፣ ሲጠይቅም እንዲቆይ። እስከ አፉ ሞልተው የሰጡት ሰው ግን ጠጥቶ መሄድ እንዳለበት ይገባዋል።

ቀጥላ ሌላ ፒያላ አነሳች። ይኼኛውን እስከ ጠርዙ ሞላችውና በመስኮቱ አሳልፋ ለኤሰንጉል የመጨረሻ ልጅ ሰጠችው። ልጁ ከመስኮቱ ሥር የአባቱን ፍራሽ መኪና ላይ እየጫነ ነበር። አመስግኖ ተቀበለ። ከተማ ከገባ ወዲህ የፒያላውን ነገር ረስቶታል። ኤሰንጉል ግን አየ።

መስኮቱን አልዘጋችውም።

«ዛሬ ነፋሱ ጋብ ብሏል አባ። ለመንገድ ጥሩ ቀን ነው። ላሚቱ እንኳ ሳትራገጥ ታለበች... ሰው ሊሄድ ሲል ከብቱም ጨዋ ይሆናል መሰለኝ። የወተቱን ቅባት ከዳቦው ጋር ይቅመሱ እንጂ። ከተማ ወተት ከወረቀት ነው የሚቀዳው አሉ። እኔ እንጃ፣ ሊቁ ልጅ ነው የነገረኝ።»

ሊቁ ልጅ ያለችው ከመስኮቱ ሥር ያለውን ነው። በአገሩ ወግ ምራት የባሏን አባትና የወንድሞቹን ስም በአፏ አትጠራም፤ የሞቱትን አያቶች ስም እንኳ። ስለዚህ ቤቱ በገባች ሰሞን ለእያንዳንዱ የራሷን መጠሪያ አወጣችለት። ያኔ ልጁ ገና ተማሪ ነበር፤ ሊቁ ልጅ ስትለው ደስ ይለው ነበር። አሁንም ደስ ይለዋል።

ነገሩ ያለቀው ትናንት ምሳ ላይ ነው። ልጁ ሚስቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ቢሽኬክ ያለው ቤቱ እንደጠበበው፣ ይህኛው ቢሸጥ ግን ሰፊ መግዛት እንደሚቻል አስረዳ። በደንቡ የአባት ቤት የመጨረሻው ልጅ ድርሻ ነው፤ ማንም አልተከራከረም። አባቱን ይዞ ይሄዳል። ቡሩልም ባሏ ሩሲያ ከሄደበት የግንባታ ሥራ እስኪመለስ ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ዘንድ ትጠጋለች። ኤሰንጉል ራሱን ነቀነቀ፤ ልጁም ይህን እሺታ ነው ብሎ ወሰደው። ጉዳዩ ቶሎ ስላለቀ የቀረውን ቀን የቤቱን ላፕቶፕ ሲያድስ ዋለ።

«እጁ ሥራ አይፈታም፤ አይደል አባ? ለእንግድነት መጥቶ፣ በግ ታርዶለት፣ ትራስ ተደግፎ መዋል ሲችል... ያቺን ላፕቶፕ አየና አላስችለው አለ። የልጆቼ አባት የላካትን። ‹ሲስተሟ እኮ ያረጀ ነው› አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? በሳምንት አንዴ ትከፈታለች፣ የልጆቼን አባት ፊት ታሳየናለች፣ ትዘጋለች። ቀርፋፋ ናት፣ እውነት ነው። ስትነሳ ታቃስታለች። ታዲያ በዚህ ቤት ሲነሳ የማያቃስት ማን አለ? እኔ ለምጄዋለሁ... ‹የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ትተውታል፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀው የለም› አለኝ። የሚጠይቀው የሌለ ነገር ደግሞ ቤት ማስቀመጥ አደጋ ነው። ሌባ ይገባበታል አሉ። እዩት እንግዲህ፣ እንዴት ያለ አሳቢ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ብቅ ሳይል የቀረው ለካ እዚያ ሆኖ ስለ ሌባ ሲያስብልን ነው...»

ውጭ ገመድ የሚያስረው እጅ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ቡሩል ኩበት ሰብራ ምድጃው ውስጥ ጨመረች። ጀርባዋን ለአማቷ እንዳትሰጥ ወደ ጎን ዞራ ነው የምትሠራው፤ ያም ወግ ነው።

«አሁን ስትከፈት ቢያዩዋት። ብልጭ ነው የምትለው፤ ማቃሰት የለ፣ ማስጠበቅ የለ። ፊቷ ላይ የእሱን ስም ጽፎባታል። ገና ስትነሳ እንኳን ደህና መጣህ ብላ በስሙ ትጠራዋለች። እኔ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ያልጠራሁትን ስም እሷ በአንድ ከሰዓት... ዕድለኛ ናት። ቤቱ የእሱ፣ ላፕቶፗም የእሱ። የልጆቼ አባት ሲሰማ ደስ ይለዋል። ላኪው እሱ፣ ስሙ የወንድሙ። ወንድማማች ካልተሳሰበ ማን ሊተሳሰብ ነው?»

ኤሰንጉል ሻዩን ፉት አለ። ትናንት ላፕቶፗ ታደሰች ሲሉት እሱም ደስ ብሎት ነበር።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ እኮ አባ... የሚሉት ሰዎች የእኛን ልጅ አላዩትም። እሱ ያቦካው ለሰባት ትውልድ በቃ።»

ሽማግሌው ፒያላውን ከአፉ መለሰ።

ባለፈው በረዶው መንገድ በዘጋበት ወራት ቡሩል ላፕቶፗን ምድጃው አጠገብ ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፅዎን ትቀዳለች፣ አባ ይናገሩ ብላው ነበር። ኤሰንጉል ፊደል አልቆጠረም። ያለው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ ሰባቱ አባቶቹ፣ ከእነሱም በላይ ያሉት፣ ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን በየትኛው ሸለቆ እንደሰፈረ፣ ማን ለማን ፈረሱን ለቆ በእግሩ እንደገባ። ሰባት አባቱን ያልቆጠረ ሰው ነኝ አይበል ይባላል በአገራቸው። እሱ ሲናገር እሷ ድምፅ ሳታሰማ እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር። በረዶው ሳይቀልጥ ጨረሰ።

ከዚያ ወዲህ ስሞቹ ይጠፉት ጀመር። ዛሬ ማለዳ ከሶላቱ በኋላ ቢቆጥር አራተኛው ላይ ቆመ። ግድ የለም፣ ላፕቶፗ ውስጥ አሉ ብሎ ነበር የተነሳው።

«የቆጡን ላወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ሲባል አልሰማሁም? ለሌላው ሰው ነው የተባለው። ሊቁ ልጅ ጠንቃቃ ነው፤ እሱ የሚጥለው ከሰው ብብት ነው... አይ፣ እንደሱስ አልልም፤ ልመሰክርለት ይገባል። ሳይሰማ ፎርማት አላደረጋትም። መጀመሪያ ድምፁን ከፈተው፤ ያውም ጮክ አድርጎ። እኔ ዳቦ እየጋገርኩ ነበር። ጠራኝ። ‹እትዬ› አለኝ፣ ‹እዚህ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እያሳለ ያወራል። ማነው?›»

ውጭ የገመዱ ድምፅ ተቋረጠ።

«እኔ ደግሞ ተላላ ነኝ፣ መቀለዱ ነው አልኩ። የሰው ልጅ በዚህ ጉዳይ ከቀልድ ሌላ ምን ይጠይቃል ብዬ? ስቄ ዳቦዬን ላገላብጥ ወጣሁ። ስመለስ ሁሉም ነገር ጸድቷል። ‹አዲስ አደረግኩልሽ፣ ውስጧ የነበረው የማንም ጫጫታ ነው› አለኝ። የተማረ ሰው ጫጫታ አይወድም መቼም... አባቶቹ ደግሞ ብዙ ናቸው አባ፤ ቦታ ይይዛሉ። እኔ ሁሉንም ሰምቻቸዋለሁ። አንድም አልጠፋኝ። ግን ምራት ነኝ፤ ስማቸውን በአፌ ላነሳ አይደል። እንደያዝኳቸው እቀበራለሁ። ምን ይደረግ? ላይፈለጉ ነገር። ለእርስዎ ከተማ ውስጥ ከማሞቂያው አጠገብ ጥግ ተዘጋጅቶልዎታል አሉ። ሙቅ ነው፤ ከአልጋም አይነሱም፣ ማንም አይረብሽዎትም፤ ማንም ምንም አይጠይቅዎትም... እንዴት ያለ ዕረፍት ነው።»

ልጁ በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። ባዶውን ፒያላ በእጁ ይዟል፤ ጆሮው ቀልቷል። እቃው መጫኑን፣ ሳይመሽ ተራራውን ማለፍ እንደሚሻል ለአባቱ ነገረው። ቡሩልን አላያትም። እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ የምንጣፉን ጠርዝ ታስተካክላለች፤ ቀና ብላ አታየውም፣ ክፉም አልተናገረችም፤ ስም እንኳ አልጠራች።

ኤሰንጉል ሊናገር አፉን ከፈተ። የኩበቱ ጭስ ያዘውና አሳለ። እንደዚያ ሲያስል ከደረቱ ጀምሮ ነው፤ ሁለቴ አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደ ተበሳ ወናፍ ሲር የሚል።

በሩ ላይ የቆመው ልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። አሁን ገና ያ ድምፅ የማን እንደነበረ ለየው።

ሽማግሌው አስሎ ጨረሰ። ልጁን አየው፣ ረጅም ጊዜ። አልተቆጣም። ከዚያ ጎንበስ አለና ጫማ ውስጥ የነበረችውን እግሩን አወጣ። ጫማውን ከምድጃው አጠገብ፣ በየማታው በሚያስቀምጥበት ቦታ አኖረው። የቀረውን ሻይ ጨልጦ ባዶ ፒያላውን ለምራቱ ዘረጋ።

ቡሩል በሁለት እጇ ተቀበለች። ጥቂት ቀዳችለት፤ ከወትሮውም አሳንሳ።

ልጁ ወጥቶ ፍራሹን ከመኪናው ላይ ማውረድ ጀመረ። ገመዱን ሲፈታ፣ ፍራሹን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ፣ የመኪናውን በር ሲከፍት ተሰማ። ያኔ ቡሩል ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች፤ ድምፅዋ እንደ ማር ነበር፤ ዓይኗ ግን አማቷ ላይ ነው።

«እንግዲህ ብቻውን መንገድ መግባቱ ነው አባ፤ ሰው ሳይመረቅ አይሸኝም። መመረቅ የሽማግሌ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ድምፅዎ ደክሟል፤ እኔ ልበልልዎ፣ እርስዎ አሚን ይበሉ። መንገዱን ያቅናለት። ሰፊ ቤት ይስጠው። ሚስቱንም አላህ በሰላም ያገላግላት። የሚወለደው ወንድ ይሁን፣ ጤነኛ፣ እንደ ሸምበቆ የሚመዘዝ፣ ተምሮ ሊቅ የሚባል። ዕድሜ ሰጥቶት አርጅቶ፣ ልጁ ቤት ተቀምጦ ለመጦር ያብቃው። ብቻ ያ ልጅ ወደ ማንም አይሂድበት አባ... ቁርጥ አባቱን ይሁንለት።»