ላዳው በዕድር ድንኳን

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ረፋድ ላይ፤ ብቻቸውን በሚኖሩት ጡረተኛ ባለታክሲ በአቶ ሽብሩ ግቢ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ ከውስጡም የሞተር ጉርምርምታ ይሰማል፤ የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ለለቅሶ ዘቅዝቀው ከድንኳኑ በር ላይ ቆመዋል።

አስካለ፦ ይንቀሉ አልኩ እኮ፣ አቶ ሽብሩ።

ሽብሩ፦ አይነቀልም። የላዳዬ የፊት ኮፈን ቀለም ገና እርጥብ ነው።

አስካለ፦ ይኼ የዕድር ድንኳን ነው።

ሽብሩ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አቧራ የማያስገባው። ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ ያልሽኝ?

አስካለ፦ ኮሚቴው ልኮኝ ነው። ለራሴ ስመጣ አንተ እልሃለሁ።

ሽብሩ፦ እንግዲያው ለራስሽ ግቢ። ስትገቢ ሸራውን ከኋላሽ ዝጊው። ነጠላሽንም እደጅ አራግፊው።

አስካለ፦ ለቅሶ ደራሹን ሁሉ እንዲህ እያልክ ነው የተቀበልከው?

ሽብሩ፦ አቧራ ይዘው ሲመጡ ምን ልበል?

አስካለ፦ እማሆይ አፀደ እኮ ወድቀው ነው የተነሱት። ሰው ሞተ ብለው ደረት እየመቱ ሲገቡ፣ ሟቹ ራሱ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ወጣና «ጫማዎን ያራግፉ» አላቸው።

ሽብሩ፦ ጭምብሉ ለቀለሙ ሽታ ነው።

አስካለ፦ እሳቸው ይኼን አያውቁም። እስካሁን እያማተቡ ነው።

ሽብሩ፦ እኔ ሞቻለሁ ያልኩት ሰው የለም።

አስካለ፦ ብቻህን ነው የምትኖረው፣ ጋሽ ሽብሩ። እዚህ ግቢ የዕድር ድንኳን ከተተከለ ከአንተ በቀር ማን ሊሞት ይችላል?

ሽብሩ፦ ይኼን አላሰብኩትም።

አስካለ፦ ጥሩንባ ነፊው ድንኳኑን በአጥር አይቶ ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ ጠርቶሃል። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው ብሏል።

ሽብሩ፦ እስከ ስምንት ሰዓት ይደርቃል።

አስካለ፦ የጎረቤት ሰው ንፍሮ ቀቅሎ አምጥቷል።

ሽብሩ፦ ደርሶኛል።

አስካለ፦ የራስህን ንፍሮ በላህ?

ሽብሩ፦ ቁርስ አልበላሁም ነበር። ጨው ያንሰዋል።

አስካለ፦ አሁን ይኼ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?

ሽብሩ፦ የቀለም መርጫ ተርባይን ነው። የእህቴ ልጅ ከዱባይ የላከልኝ። ከጋራዥ ኮምፕሬሰር ጋር አንድ እንዳይመስልሽ። ኮምፕሬሰሩ ቀለሙን በጉልበት ይተፋዋል፤ ግማሹ መኪናው ላይ ያርፋል፣ ግማሹ ጎረቤት ይገባል። ይኼኛው ግፊቱ ትንሽ፣ ነፋሱ ብዙ ነው።

አስካለ፦ ባለቤቱን ይመስላል።

ሽብሩ፦ ቀለሙን በቀስታ ያሳርፈዋል ነው የምልሽ። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። አንድ እጅ ትቀቢያለሽ፣ እስኪይዝ ትጠብቂያለሽ፣ ደግሞ ትደርቢያለሽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አስካለ፦ የአንተ እንቁላል ሰፈር አስለቅሶ ነው የሚሄደው። ለመሆኑ ቀለም ቀቢ የሆንከው መቼ ነው?

ሽብሩ፦ ተለማምጃለሁ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን በር ቀባሁ። ሂጂና እዪው፣ ፊትሽን ያሳይሻል።

አስካለ፦ ፊቴን ሽንት ቤት በር ላይ ማየት አልፈልግም። ጋራዥ አትወስደውም ነበር?

ሽብሩ፦ ወስጄው አውቃለሁ። ከነዝንቡ ቀብተው መለሱልኝ። ስንት ዓመት በሩ ላይ ዝንብ ይዤ ነዳሁ። ተሳፋሪ ሁሉ እሽ እያለ ነበር የሚገባው።

አስካለ፦ ድንኳኑስ? ሸራው ቀለም ከጠጣ ዕዳው የእኔ ነው።

ሽብሩ፦ ውስጡን በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። ጠብታ አልነካውም። እዪው፣ በዓይንሽ እዪው እንጂ፣ ምን ይነካካሻል? መኪናውን አትንኪ።

አስካለ፦ ነካሁት።

ሽብሩ፦ የቱ ጋ?

አስካለ፦ ከፊት ጎማው በላይ። ደርቆ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሽብሩ፦ የጣትሽ አሻራ ቀርቷል።

አስካለ፦ ድገምበትና ይጠፋል።

ሽብሩ፦ አይ፣ ይቆይ።

አስካለ፦ ዝንብ ሲቀር አኮረፍክ፣ የእኔ ጣት ይቆይ?

ሽብሩ፦ ይቆይ አልኩ። ኮሚቴው ሌላ ምን አለ?

አስካለ፦ እህ፣ እሱን ልነግርህ ነው የመጣሁት። የዕድሩ ዳኛ ያሉት ይኼ ነው፤ ድንኳኑ ቀትር ሳይሆን ዕቃ ቤት ካልገባ ስምህ ከዕድሩ ይሰረዛል።

ሽብሩ፦ ይሰረዝ።

አስካለ፦ አፍህ ላይ ያለውን አውልቀህ ተናገር፤ በደንብ አልሰማሁህም።

ሽብሩ፦ ይሰረዝ ነው ያልኩት።

አስካለ፦ ልጅ የለህ። ያለህ ዘመድ ባሕር ማዶ ነው። ነገ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል? ማንስ ይቀብርሃል?

ሽብሩ፦ ዛሬ ብዙ ሰው መጣ?

አስካለ፦ መንገዱ ሁሉ ሞልቶ ነበር።

ሽብሩ፦ ደህና ነው። እኔ ይኼን ያህል አልጠበቅኩም ነበር።

አስካለ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ለአሮጌ ላዳ ብለህ ቀባሪ ታጣለህ?

ሽብሩ፦ ለላዳው አይደለም። አሁን ሸራው ከተነሳ የመንገዱ አቧራ በሙሉ እርጥቡ ቀለም ላይ ነው የሚተኛው። እሁድ ደግሞ መንገድ አለብኝ።

አስካለ፦ በነበረው ቀለም አትሄድም? ሰማያዊና ነጭ ምን አጠፋ?

ሽብሩ፦ ታክሲ ያስመስለዋል።

አስካለ፦ ታክሲ ነው እኮ።

ሽብሩ፦ ነበረ። አሁን የቤት መኪና ነው። እሁድ የማሳፍራቸው ሦስት ትላልቅ ሰዎች ናቸው። የመስቀል ለት የንስሐ አባቴን ይዤ ስሄድ፣ አንድ ሰውዬ መንገድ ላይ እጁን ሲዘረጋ በልማዴ ቆምኩለት። ገብቶ ከአባ ጎን ተቀምጦ እስከ መርካቶ ዋጋ ሲከራከር ሄደ።

አስካለ፦ ተስማማችሁ?

ሽብሩ፦ አባ አስማሙን። እሁድ እንደዚያ ያለ ነገር ከመጣብኝ ግን አለቀልኝ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ሰዎቹ ተከብረው መውረድ አለባቸው።

አስካለ፦ የማን ደጃፍ?

ሽብሩ፦ ሰበታ ነው።

አስካለ፦ ሰበታ ማን ጋ?

ሽብሩ፦ ቆይ፣ ይኼን ጎን ላድርሰው። መሃል ላይ ካቆምኩ መስመር ያወጣል።

አስካለ፦ ሰበታ ማን ጋ ነው ያልኩህ? እሰይ፣ ቆመ።

ሽብሩ፦ እኔ አላቆምኩትም። መብራት ሄደ።

አስካለ፦ ተመስገን ነው። እንግዲህ የምትደበቅበት ጩኸት የለህም። በል፣ ድንኳኑን እንዴት እንዳወጣኸው ንገረኝ።

ሽብሩ፦ ለዕቃ ቤቱ ዘበኛ ዝግጅት አለብኝ አልኩት። አልዋሸሁም።

አስካለ፦ ትናንት እኔ ማኅበር እስክሄድ ጠብቀህ።

ሽብሩ፦ አዎ።

አስካለ፦ በየሳምንቱ ዕቃ ስትዋስ ከእኔ ነው የምትወስደው። ትናንት ዘበኛ ምን አስመረጠህ?

ሽብሩ፦ ለምንድን ነው ብትዪኝ መልስ አልነበረኝም።

አስካለ፦ ለድስቱስ መልስ ነበረህ? ባለፈው የመቶ ሰው ድስት ተሸክመህ ሄድክ። ከዚያ በፊት አግዳሚ ወንበር። ብቻውን የሚኖር ሰው በመቶ ሰው ድስት ምን ይቀቅላል?

ሽብሩ፦ ሁለት እንቁላል።

አስካለ፦ ቀልደኛ።

ሽብሩ፦ ድስት ፈልጌ አይደለም የምመጣው፣ አስካለ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ከቤቴ እወጣለሁ። ዕቃ ቤቱ በር ስደርስ አንቺ ቀና ብለሽ «ምን ልስጥህ?» ትዪኛለሽ። ያኔ አፌ ያመጣልኝን ተውሼ እመለሳለሁ።

አስካለ፦ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ። ልትነግረኝ የምትመጣው ምን ነበር?

ሽብሩ፦ ዝም አይነቅዝም ይባላል።

አስካለ፦ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልም ይባላል። ወንድሜ ሰሞኑን ደውሎ፣ እሁድ የተከበሩ እንግዶች አሉብኝ፣ አንቺም አትቅሪ ብሎኛል። ወንድሜ የት እንደሚኖር ታውቃለህ?

ሽብሩ፦ ሰበታ።

አስካለ፦ ሽማግሌ ልትልክብኝ ነው?

ሽብሩ፦ ልልክብሽ ሳይሆን ልልክልሽ።

አስካለ፦ በዚህ ዕድሜ?

ሽብሩ፦ በዚያኛው ዕድሜ ባልሽ ነበረ። እኔም ሚስቴ ነበረች።

አስካለ፦ ነፍሳቸውን ይማር።

ሽብሩ፦ ይማር።

አስካለ፦ ሰው ምን ይላል?

ሽብሩ፦ ሰው ዛሬ ሞቷል ብሎኛል። ከዚህ የባሰ ምን ሊል ነው?

አስካለ፦ ይኼን ክሬም ቀለምስ ማን መረጠልህ?

ሽብሩ፦ አንቺ።

አስካለ፦ እኔ? መቼ?

ሽብሩ፦ የቤትሽን መስኮት ክሬም ያስቀባሽ ጊዜ። ዓይን ያሳርፋል ብለሽኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አያለሁ።

አስካለ፦ መስኮቱን?

ሽብሩ፦ መስኮቱን እንኳ አይደለም።

አስካለ፦ ጋሽ ሽብሩ።

ሽብሩ፦ አቤት።

አስካለ፦ ዛሬ ጥሩንባው ስምህን ሲጠራ ሽሮ እየነፋሁ ነበር። ወንፊቱን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። በአጥሩ ሳይ አንተ ከተከፈተው ድንኳን ውስጥ እያፏጨህ ላዳ ትፍቃለህ። ደስታ ይሁን ንዴት ለራሴም አልገባኝ አለ። ቀጥ ብዬ ዳኛው ቤት ሄጄ ከሰስኩህ።

ሽብሩ፦ የከሰስሽኝ አንቺ ነሽ?

አስካለ፦ እኔ ነኝ። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ከሰስኩ።

ሽብሩ፦ አንቺ ለሞተ ሁሉ ታለቅሻለሽ።

አስካለ፦ ለሞተ ሁሉ ነጠላዬን እዘቀዝቃለሁ። ዛሬ ግን ሳልዘቀዝቅ ነው የሮጥኩት፤ መንገድ ላይ ሰው ሲያየኝ ነው ትዝ ያለኝ። ሌላ ሰው ሞቶ እንደዚህ ሆኜ አላውቅም። ፈራሁ። ደግመህ እንዳታስፈራኝ።

ሽብሩ፦ ይነቀል እንግዲያው።

አስካለ፦ ምኑ?

ሽብሩ፦ ድንኳኑ። አንቺን ካስለቀሰ ይነቀል። ቀለሙ አቧራ ቢይዝም ይያዝ። ሽማግሎቹም ቢሆኑ በታክሲ ይሂዱ፣ ሰውም እጁን ይዘርጋ።

አስካለ፦ አሁን ማን ንቀል አለህ?

ሽብሩ፦ አንቺ። ከመጣሽ ጀምሮ እሱን ነው የምትዪው።

አስካለ፦ ያልኩት ኮሚቴው ነው። ጣሪያው ላይ የታክሲው ነጭ ገና ይታያል።

ሽብሩ፦ አልደረስኩበትም። መብራቱ ነው ያቆመኝ።

አስካለ፦ ወንድሜ ረጅም ነው። ጣሪያ ያያል።

ሽብሩ፦ አስቸጋሪ ሰው ነው ይሉታል።

አስካለ፦ በመጀመሪያው ባሌ ሽማግሎች ላይ ሦስቴ በር ዘግቷል። ሦስቱንም ጊዜ በመኪናቸው አላገጠ። ስማ፣ ተነሳ መሰለኝ።

ሽብሩ፦ መብራቱ መጣ።

አስካለ፦ በል ቀባ። ደግሞ አትጣደፍ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሽብሩ፦ ቆይ፣ በር ላይ የሰው ድምፅ ይሰማኛል።

አስካለ፦ ዳኛው ናቸው፣ ከነኮሚቴያቸው። ቀትር ሆኗል።

ሽብሩ፦ ስሜን ሊሰርዙ ነው የመጡት። ቀለሙ እስኪደርቅ ድንኳኑ ቆሞ እንዲቆይ ምን ብለሽ ታሳምኛቸዋለሽ?

አስካለ፦ አንተ ጭምብልህን አጥልቅና ጣሪያውን ጨርስ። ለሰርግ ነው የወሰደው እላቸዋለሁ፤ ውሸታም እንዳታደርገኝ።