ባዶው ሜዳ

ባለሚዛኑ በሁለት እጃቸው የውሃ ጀሪካን እንዳንጠለጠሉ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሜዳው በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ባለሚዛኑ የተባሉት ሰላሳ ዓመት የገበያ ሚዛን ሲፈትሹ ስለኖሩ ነው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ይህን ነጭ የጠጠር ሜዳ ይጠብቃሉ። ልጅቱ የሳተላይት ጣቢያ መሐንዲስ ናት፤ ባልደረባዋ ስለታመመ በሱ ፋንታ ለመለካት መምጣቷ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አጎቴ፣ ይህን ሁሉ ችግኝ ማን ተከለው?»

«እኔ ነኛ! ሁለት መቶ አስር ነው። ባዶ መሬት እያዩ ዝም ማለት ነውር ነው።»

«ዛሬውኑ መነቀል አለበት።»

የሽማግሌው ደም ፈላ። ጀሪካኖቹን መሬት ላይ ወረወሯቸው።

«የተማረ ሰው ችግኝ ይነቅላል? ያ ሳተላይታችሁ አምና ሣሩ ለምለም ነው አለ! መኖ የሚልክ ጠፋና እናትሽ ስድስት ላም ቀበረች። ለዚያ ውሸታም ብለሽ ነው?»

«በነዚያ ላሞች ወተት ነው ያደግሁት!» አለች። «ሳተላይቱ አልዋሸም፤ ዓይኑ ደከመ። እላይ ጨረሩም ቅዝቃዜውም ያደክመዋል። ለምለም ሣር ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ያንን ብርሃን የሚለካው ክፍል ሲዳከም፣ የደረቀው ሣር ለምለም ይመስለዋል።»

«ታዲያ አትጠግኑትም?»

«ማን ወጥቶ? ግን ስህተቱ ከታወቀ የሚልከውን ቁጥር እዚሁ ማረም እንችላለን። እሱ በላያችን ሲያልፍ፣ እኛ ከዚህ ጠጠር የሚመለሰውን ብርሃን በእጅ መሣሪያ እንለካለን። ሁለቱ ካልተስማሙ ምን ያህል እንደሳተ ይታወቃል። ሜዳው እዚህ ቅጠል፣ እዚያ ጥላ ከሆነ ግን በምን እናመሳክር?»

«ከመምጠቁ በፊት አልተፈተነም?»

«እርስዎስ ማኅተም የመቱበትን ሚዛን በዓመቱ ለምን ይመለሱበት ነበር? ልጅ ሳለሁ ያንን በጨርቅ የጠቀለሉትን የመመዘኛ ብረትስ ብነካው ለምን በጥፊ አሉኝ?»

«የጣት ላብ ክብደቱን ይለውጠዋላ! እሱ እኮ ሌሎቹ የሚፈተኑበት ነው።»

«ይህ ሜዳ ያ ብረት ነው፣ አጎቴ።»

ሰው በማያውቀው ነገር ሲረታ ያኮርፋል፤ በገዛ ሙያው ሲረታ ግን መግቢያ ያጣል። ባለሚዛኑ ችግኞቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ቁጣቸው ዞሮ መጣ።

«ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ የለካችሁት መቼ ነው?»

«ከሁለት ዓመት በፊት። አለቃችን የፋብሪካው የፍተሻ ወረቀት ይበቃል ብለው አስቀሩት፤ እንደገና የላኩን ከብት ካለቀ በኋላ ነው።»

«አንቺስ?»

«ዝም አልኩ።»

«ሁለት ዓመት ያልተፈተሸ ሚዛን! ነጋዴ ቢሆን ሱቁን አሽግበት ነበር! እኔ እኮ ሰው ሲጠፋ የተተወ መሬት መስሎኝ ነው የተከልኩት። ሜዳው ለምን እንደሚጠበቅ እንኳ ማን ነገረኝ?»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ችግኝ ዙሪያ መቆፈር ጀመረች። እስኪመሽ ድረስ ሁለቱም ችግኞቹን ከነአፈራቸው እየነቀሉ ከአጥሩ ውጭ፣ ጥላቸው ከማይደርስበት ራቅ አድርገው ተከሏቸው። በማግስቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሳተላይቱ ሲያልፍ ለኩ፤ ስህተቱም ተገኘ፣ ታረመ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይለካል። ሣር መድረቅ ሲጀምር ማስጠንቀቂያው በጊዜ ይደርሳል፤ መኖውም ከብቱ ሳይወድቅ ይመጣል።

አንድ ቀን አለቃው መኪናቸውን ወደ ሜዳው ሊያስገቡ ሲሉ ባለሚዛኑ በሩ ላይ ቆሙ።

«ፈቃድ አለኝ» አሉ አለቃው፣ በመስኮት ወረቀት እያሳዩ።

«ወረቀትማ አምናም ነበርዎት» አሉ ባለሚዛኑ። «ስድስት ላም ቀብረንበታል። ይውረዱና በዳር በእግርዎ ይሂዱ።»