ሃርሞኒካዋና ፉከራው

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስንሄድ ሾፌሩ የሃርሞኒካ ሙዚቃ ከፈተ። ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ድንገት ተጣሩ።

«ሾፌር፣ ይሄን እለፈው!»

አጠገባቸው ያለችው ወጣት ዞር አለች።

«ውይ አባባ! የአልበሙ ምርጥ እኮ ይሄ ነው። ባንዱ እሳት የሆነበት!»

«አውቃለሁ። ሃርሞኒካውን የምትነፋው ልጄ ናት።»

«ልጅዎ? ታዲያ ምነው ይለፍ አሉ?»

«አበላሽቼባት ነዋ። የተቀዳው መድረክ ላይ እየተጫወቱ ነው። ተመልካች ዝም ይበል ተብሎ ነበር። ብሉዝ ነው፣ የሐዘን ነገር ነው ብላኛለች፤ እኔ ግን ስትነፋው ወኔዬ ተነሳ። አላስቻለኝም፣ ብድግ ብዬ ፎከርኩ።»

«ያ ‹ዘራፍ!› የሚለው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ አሳፈርኳት። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም።»

«ሾፌር፣ ጨምረው! አባባ፣ ዝም ብለው ይስሙ።»

የሽማግሌው ፉከራ ከድምፅ ማጉያው ወጣ። ድራሙ እግር በእግር ተከተላቸው፣ ጊታሩም ገባ። በጭብጨባው መሐል አንዲት ልጅ «አባቴ ነው! አባቴ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ሃርሞኒካው ከበፊቱ ብሶ ቀጠለ።

«ሰሙ አይደል? ኮርታ እኮ ነው ፉከራዎን ከቅጂው ያልቆረጠችው።»

ሽማግሌው ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«ሾፌር፣ እስቲ ድገመው።»

«እደግማለሁ አባባ፤ ብቻ ብድግ እንዳይሉ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው።»

እኔም ትምህርቷን ታስረሳታለች ብዬ ሠግቼ ከልጄ የቀማኋትን ሃርሞኒካ ከቦርሳዬ ሥር ፈልጌ በእጄ ያዝኳት።