ክዳን ያለው ቢጫ ኩባያ

ኧረ እትዬ የብርጓል፣ ይግቡ ይግቡ! እዚህ አጥሩ ሥር ይቀመጡ፤ የጣና ነፋስ ዛሬ እንዴት ደስ ይላል! ጌሾ እየለቀምሁ ነበር። ከሐሙሲት ገበያ ነው ያመጣሁት። ዛሬ ካልጠነሰስሁ ለሃያ አንድ ማርያም አይደርስልኝም፤ ተራው የኔ አይደል? ለአሥራ ሁለት የማኅበር ሴት ጠላ መጥመቅ ቀልድ ነው እንዴ? ጮክ ብዬ ሳወራ ይቅር ይበሉኝ፤ ጆሮዎ ከበድ ስላለ ነው እንጂ ጎረቤት ለመረበሽ አይደለም...

እኔማ ደህና ነኝ! ኤች አይ ቪ በደሜ አለ ብዬ ለማኅበሩ የነገርሁ ቀን መጀመሪያ ያቀፉኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። መንግሥትስ ምን ያላደረገልኝ አለ? መድኃኒቱ በነፃ፣ የደም ምርመራው በነፃ። ቀጠሮ ስረሳ ሲስተር ርሆቦት ራሷ ትደውላለች። ባለፈው ደግሞ «ቫይረሱ በምርመራ አይታይም» ስትለኝ እዚያው እልል አልሁ! ብቻ መንግሥትም እንደ ሰው ይረሳል መሰል... አንድ ነገር ረሳ። ኩባያ!

እሱን አንዲት ደግ ሴት አሰበችልኝ። አስታወሱ? ባለፈው ማኅበር ጽዋው እየዞረ እኔ ዘንድ ሊደርስ ሲል፣ ከዘንቢሏ ክዳን ያለው ቢጫ የላስቲክ ኩባያ አውጥታ «ለጤናሽ ብዬ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። ወይ አሳቢነት! ክዳን ጭምር እኮ ነው! ዝንብ እንዳይገባብኝ ይሆን... ወይስ ከእኔ አንዳች ነገር እንዳይወጣ? ቤት ገብቼ አለቀስሁ፤ ከደስታ ነው መቼም።

ተራዬንም ለሌላ ልትሰጥልኝ ነበር፣ እንዳልደክም። እርስዎ ጽዋውን አንስተው እጄ ላይ ባያስቀምጡት ኖሮ ዛሬ እግሬን ዘርግቼ አርፍ ነበር። አሁን ግን ፍርሃቴ ሌላ ነው እትዬ... ይህን ሁሉ ጠምቄ አንድም ሴት ከንፈሯን ሳታስነካው ብትቀርስ? ብቻ ይተዉት። ደጓ ሴትም ሩቅ አይደለችም፤ ልብሷና ልብሴ በአንድ ነፋስ ነው የሚደርቁት።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ለእርስዎ ባይሰማም ለአጥሩ ይበቃዋል... ጌሾ ልገዛ ሐሙሲት የሄድሁ ዕለት ራሴን አመመኝና ጤና ጣቢያ ጎራ አልሁ። እዚያም እንደኛው ያለች ክፍል አለች፤ አግዳሚው ያው፣ መድኃኒቱም ያው። አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ እንክብሉ በመንገድ እንዳይንኮሻኮሽ ጠርሙሱ ውስጥ ጥጥ ትጠቀጥቃለች። አንጀቴን በላችው። በመጀመሪያው ዓመት እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር።

ማን ናት? አላውቃትም! በየስድስት ወሩ አክስት ልጠይቅ እያለ ሐሙሲት የሚመላለስ ሰው ስንት አለ? እንዳታፍር ብዬ አውቶብሷ እስኪሄድ ድረስ ከግድግዳው ኋላ የተደበቅሁት እኔ ነኝ። ባገኛት «የኛ ጤና ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ሲስተር ርሆቦት ምስጢር አታወጣም፤ አግዳሚው ላይ ጠጋ እልልሻለሁ» እላት ነበር... ውይ፣ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ማስጣቱ ቆመ እንዴ?

ምን አሉኝ እትዬ? አይ፣ ስለ ጌሾው ነው! ጌሾው ተወደደ እያልሁ ነው!

ባለ ኩባያዋማ ለሃያ አንድ የግድ ትምጣልኝ። ጽዋው ከእኔ ቀጥሎ ለእሷ ነው የሚሰጠው። ቢጫው ኩባያ? አጥቤ፣ ክዳኑን ገጥሜ አስቀምጨዋለሁ፤ ለማን እንደሚያስፈልግ ማን ያውቃል?

በሉ እትዬ፣ አብረን እንመርቃት። እመብርሃን ዕድሜና ጤና ትስጣት። መንገዷን ታሳጥርላት። አንድ ቀን ደግሞ፣ አያድርገውና፣ እሷም እንደ እኔ በሰው ፊት «አሞኛል» ያለች ዕለት... ልክ እንደ ራሷ የምታስብላት ጎረቤት ትስጣት።

አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ... ጮክ ብለው!